የተከዜ ውሃ፣ የሰሃላ ፀሐይና የነጋዴው ሱቅ

በታዳሽ ኃይል ሥራ የማዕከላዊው መንግሥትና የአካባቢው አስተዳደር ድርሻ

በዋግ ኽምራ ምዕራባዊ ዳርቻ፣ የሰቆጣ ደጋ ወደ ተከዜ ሸለቆ በሚያዘቀዝቅበት አገር፣ የሰሃላ ሰየምት ወረዳ ይገኛል። አገሩ በአብዛኛው ቆላ፣ ፀሐዩ ብርቱ፣ ዝናሙ አጭርና የማያስተማምን ስለሆነ ነዋሪው ከእርሻው ባላነሰ በፍየሉና በንቡ ተመክቶ የኖረ ነው። በ2016 ዓ.ም. መግቢያ በዋግ የደረሰው ድርቅ ክፉኛ ከጎዳቸው ወረዳዎች አንዱ ይኸው ሰሃላ እንደ ነበረ አንባቢዎቻችን ያስታውሳሉ።

ይሁን እንጂ ዝናም የሚያንሰው ይህ አገር በግርጌው ታላቅ ውሃ ተኝቶበታል። በኅዳር ወር 2002 ዓ.ም. የተመረቀው የተከዜ ግድብ 188 ሜትር ከፍታ ያለው ሲሆን፣ እያንዳንዳቸው 75 ሜጋዋት በሚያመነጩ 4 ተርባይኖች 300 ሜጋዋት ኃይል እንዲሰጥ ሆኖ የተሠራ ነው። ከግድቡ በስተኋላ የሚጠራቀመው ውሃ 9 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ይደርሳል። በዚህ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ዳርቻ የአበርገሌ፣ የዝቋላና የሰሃላ ወጣቶች በማኅበር እየተደራጁ ዓሣ ማስገር ስለ ጀመሩ፣ ለዋግ ነጋዴ ከማርና ከፍየል ሌላ አዲስ የንግድ ዕቃ ተገኘለት።

እነሆ እንግዲህ ለንግድ ሰው የሚያስደንቀው ነገር እዚህ ላይ ነው። ከዚህ ውሃ የሚመነጨው ኤሌክትሪክ በ230 ኪሎቮልት መስመር ወደ መቀሌ ሄዶ ከአገሪቱ የኃይል መረብ ጋር ይገናኛል። ይህም ነቀፌታ የሚገባው አሠራር አይደለም፤ ትልቅ ማመንጫ የሚሠራው ለአገር ሁሉ እንጂ በአጠገቡ ለተቀመጠ ሰው ብቻ አይደለምና። ነገር ግን በዚያው ውሃ ዳር የተሰገረው ዓሣ በቆላ ሙቀት ሳይበላሽ ሰቆጣ እንዲደርስ በረዶ ያስፈልገዋል፤ በረዶውም ኤሌክትሪክ ያስፈልገዋል። ኤሌክትሪክ የሚሰጥ ውሃ አለ፣ ዓሣ አለ፣ ገዢ አለ፤ በመካከሉ የጎደለው ጥቂት ኪሎዋት ነው። ይህን ጥቂት ኪሎዋት ማቅረብ የማን ሥራ ነው? የአዲስ አበባ፣ የባሕር ዳር፣ የሰቆጣ ወይስ የነጋዴው? በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ይህንኑ ጥያቄ ነው።

ሽግግሩ ከምን ወደ ምን ነው?

በአውሮፓና በእስያ የኢንዱስትሪ አገሮች ስለ ታዳሽ ኃይል ሽግግር ሲነገር፣ ነገሩ በድንጋይ ከሰልና በጋዝ የሚሠሩትን ማመንጫዎች ዘግቶ በነፋስና በፀሐይ መተካት ማለት ነው። በእኛ አገር ግን ከመንግሥት መረብ የሚገኘው ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል ሁሉም ከውሃ፣ የቀረውም በይበልጥ ከነፋስ የሚመጣ ስለሆነ፣ በሽቦው ውስጥ የሚለወጥ ብዙ ነገር የለም። በአንጻሩ አገሪቱ በጠቅላላው ከምትጠቀምበት ኃይል 9 አሥረኛ ገደማ የሚሆነው ዛሬም ከማገዶ እንጨት፣ ከከሰል፣ ከኩበትና ከእርሻ ተረፈ ምርት የሚገኝ ነው። ስለዚህ የኢትዮጵያ ሽግግር የሚፈጸመው ከሽቦው ውጪ ነው። ከኩራዝ ወደ አምፑል፣ ከናፍጣ ወፍጮ ወደ ኤሌክትሪክ ወፍጮ፣ ከጀነሬተር ወደ ሶላር የሚደረግ ጉዞ ነው። ይህም ጉዞ የሚያልፈው በታላላቅ ግድቦች በር ሳይሆን በባለሱቁ መደርደሪያ በኩል መሆኑን ልብ ማለት ይገባል።

የኤሌክትሪክ ሥራ በአገራችን ከመነሻው የማዕከላዊ መንግሥት ሥራ ሆኖ አድጓል። በ1948 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን ተቋቋመ። በ1952 ዓ.ም. የቆቃ ግድብ 43 ሜጋዋት ያህል፣ በ1956 ዓ.ም. ደግሞ የመጀመሪያው የጢስ ዓባይ ማመንጫ 11 ሜጋዋት ያህል መስጠት ጀመሩ። በ2006 ዓ.ም. መሥሪያ ቤቱ ለሁለት ተከፍሎ፣ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል የማመንጨቱንና የማስተላለፉን፣ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ደግሞ ለደንበኛ የማከፋፈሉንና የመሸጡን ሥራ ያዙ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። ከቆቃ እስከ ሕዳሴ 65 ዓመት ነው፤ የአንዱ ግድብ ጉልበት ከሌላው ከመቶ እጅ በላይ በልጧል። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ለጅቡቲ፣ ኋላም ለሱዳንና ለኬንያ ኤሌክትሪክ እየተሸጠ የውጭ ምንዛሪ መገኘቱ ለላኪዎች ማኅበር እንግዳ ወሬ አይደለም፤ ከቡናና ከሰሊጥ ቀጥሎ ሽቦም ወደ ውጭ የሚልክ ነጋዴ ሆኗል እስከ መባል ደርሷል።

ይህ ሁሉ የማዕከላዊው መንግሥት ትክክለኛ ድርሻ ነው። ማንም ወረዳ ግድብ ሊሠራ፣ ማንም ማዘጋጃ ቤት የከፍተኛ ኃይል መስመር ሊዘረጋ አይችልም። ችግሩ የሚጀምረው ትልቁን ሥራ የሠራው እጅ ትንሹንም ሥራ ከሩቅ ሆኖ ሊሠራው ሲሞክር ነው።

ሽቦው መቼ ይመጣል?

በመጋቢት ወር 2011 ዓ.ም. መንግሥት ሁለተኛውን የብሔራዊ ኤሌክትሪክ አቅርቦት ፕሮግራም ይፋ አድርጎ ነበር። በዚያን ጊዜ ከ100 ኢትዮጵያውያን 44ቱ ኤሌክትሪክ እንደሚያገኙ፣ ከእነዚህም 33ቱ ከመረቡ፣ 11ዱ ከሶላርና ከመሰለው እንደ ሆነ ተገለጸ። ዕቅዱ በ2017 ዓ.ም. ሁሉም እንዲያገኝ፣ 65ቱ ከመረብ፣ 35ቱ ከመረብ ውጪ እንዲሆን፤ ከዚያም በ2022 ዓ.ም. ከመረብ የሚያገኘው ወደ 96 እንዲያድግ ነበር። የተባለው ዘመን አልፏል፤ ሁሉም ግን አላገኘም። ጦርነት፣ ወረርሽኝና የገንዘብ እጥረት በመካከሉ ስለ ገቡ ነቀፌታውን ለአንድ ወገን ብቻ መስጠት አይገባም።

ለነጋዴው ግን በዕቅዱ ውስጥ ከቁጥሩ ይልቅ ሌላ ነገር ይታየዋል። ከመቶ 35ቱ ከመረብ ውጪ ይሁኑ ማለት ለሶላር አስመጪና ለባለሱቁ ገበያ ተከለለለት ማለት ነው። ከጥቂት ዓመት በኋላ 96ቱ በሽቦ ይሁኑ ማለት ደግሞ ያ ገበያ ተመልሶ ይወሰዳል ማለት ነው። ሁለቱም ሐሳብ በየፊናው መልካም ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን በሰቆጣ ወይም በአምደ ወርቅ ሱቅ ያለው ሰው ሽቦው በየትኛው ቀበሌ በየትኛው ዓመት እንደሚደርስ ካላወቀ፣ መቶ ሶላር አስመጥቶ ለመደርደር አይደፍርም። ቢደፍርም ለሚደርስበት ሥጋት የሚሆነውን ትርፍ በዋጋው ላይ ይጨምራል፤ ገበሬውም በዚያው ልክ ይከፍላል። ስለዚህ በእኛ አስተያየት አስተዳደሩ ለታዳሽ ኃይል ሊሰጥ ከሚችለው ርዳታ ሁሉ አንድ ሳንቲም የማያስወጣው ይህ ነው፤ ቀበሌ በቀበሌ ተጽፎ በወረዳው ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ዝርዝር፦ እነዚህ በሦስት ዓመት ውስጥ ሽቦ ያገኛሉ፣ እነዚህ እስከ አሥር ዓመት አያገኙም። የኤሌክትሪክ አገልግሎት መሥሪያ ቤት የመስመሩን ዕቅድ ያውቃል፤ ወረዳው ሕዝቡ የት የት እንደ ሰፈረ ያውቃል። ሁለቱ ዕውቀቶች በአንድ ወረቀት ላይ ሲገናኙ ነጋዴው ሒሳቡን መሥራት ይችላል።

በጎረቤታችን በኬንያ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የኃይል ሕግ እያንዳንዱ የአውራጃ መንግሥት የራሱን የኃይል ዕቅድ አዘጋጅቶ ለማዕከላዊው ሚኒስቴር እንዲያቀርብ ያዝዛል። ዕቅዱ ሁሉ በጊዜው ተሠርቷል ለማለት አይደለም፤ ሐሳቡ ግን ከታች ወደ ላይ የሚሄድ ወረቀት እንዲኖር ስለሚያስገድድ ልናጤነው የሚገባ ነው።

የቀረጡና የምንዛሪው ነገር

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 96 መሠረት ከውጭ በሚገቡና በሚወጡ ዕቃዎች ላይ ቀረጥ የመጣል ሥልጣን የፌዴራሉ መንግሥት ነው፤ በአንቀጽ 97 ደግሞ በክልሉ ውስጥ ከሚነግዱ ግለሰቦች የንግድ ትርፍ ግብር የሚሰበስበው ክልሉ ነው። ከዚህ የተነሣ አንዱ የሶላር ሳጥን በሞጆ ደረቅ ወደብ ላይ የአዲስ አበባ፣ በሰቆጣ ሱቅ ውስጥ ደግሞ የክልሉ ጉዳይ ይሆናል። አስመጪውና ቸርቻሪው ሁለት ጌታ አላቸው ማለት ነው።

ቀረጥ ምን ያህል ኃይል እንዳለው በቅርቡ በመኪና አይተናል። በ2014 ዓ.ም. የገንዘብ ሚኒስቴር ባወጣው ውሳኔ ተገጣጥመው ለሚገቡ የኤሌክትሪክ መኪናዎች ቀረጡ 15 በመቶ፣ በከፊል ለተገጣጠሙ 5 በመቶ ሆኖ፣ ፈጽመው ሳይገጣጠሙ የሚመጡት ነጻ ሆኑ፤ ኤክሳይዝ፣ ሱር ታክስና የተጨማሪ እሴት ታክስም ተነሣላቸው። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ መከልከሉ ተነገረ። በጥቂት ዓመት ውስጥ የአዲስ አበባ መንገድ መልኩን ለወጠ። እንግዲህ መንግሥት ቆርጦ ሲነሣ በጉምሩክ በር ላይ በሚጽፈው አንድ ወረቀት ገበያን ሊያዞር እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ምስክር አያስፈልግም። ነገር ግን የኤሌክትሪክ መኪናው ጥቅም በይበልጥ ሽቦ ላለው ከተሜ ነው። ለሰሃላ የሚሆነው መኪና ሳይሆን ባትሪ፣ ኢንቨርተር፣ የውሃ ፓምፕና ማቀዝቀዣ ስለሆነ፣ ያው ቁርጠኝነት ወደዚህም ቢዞር መልካም ነው።

እዚህ ላይ አስመጪ ሁሉ የሚያውቀው አንድ ውስብስብ ነገር አለ። ሶላር አንድ ዕቃ አይደለም፤ ሰሌዳ፣ ባትሪ፣ መቆጣጠሪያ፣ ሽቦና አምፑል ነው። ሁሉም ባንድ ሣጥን ታሽጎ ሲመጣ የሶላር ዕቃ መሆኑ አያጠራጥርም፤ መለዋወጫው ለብቻው ሲመጣ ግን ባትሪው ለመኪናም፣ ሽቦው ለማንኛውም ቤት የሚያገለግል ስለሆነ በየትኛው መደብ ይቀረጥ የሚል ጥያቄ ይነሣል። ዕፎይታው ለአዲሱ ሣጥን ሲሰጥ መለዋወጫው ካልተካተተበት፣ ገበሬው ባትሪው በደከመ ጊዜ ባትሪ ከመግዛት ሌላ ሙሉ ሣጥን መግዛት ይቀለዋል፤ አሮጌው ሰሌዳ ሃያ ዓመት ሊያገለግል ሲችል በጓሮ ይጣላል። የቀረጥ ሕግ ሲወጣ ከአዲሱ ዕቃ ይልቅ ለጥገናው ቢያደላ ለአገርም ለምንዛሪም ይበጃል የምንለው ስለዚህ ነው።

ደግሞ ሕጉ ጥሩ ከመሆኑ በላይ ጽኑ መሆኑ ይጠቅማል። በኬንያ እ.ኤ.አ. በ2020 በሶላር ዕቃዎች ላይ የተጨማሪ እሴት ታክስ ተጭኖ፣ በማግሥቱ ዓመት ተመልሶ ተነሣ። በዚያ ዓመት ዕቃ በመርከብ ላይ የነበረው አስመጪ ከፍሎ አስገባ፤ ጥቂት ወራት ዘግይቶ ያዘዘው ጎረቤቱ ሳይከፍል አስገባ። ሁለቱ በአንድ ገበያ እኩል ሊሸጡ አይችሉም።

ስለ ውጭ ምንዛሪም ጥቂት እንበል። ለብዙ ዓመታት የሶላር አስመጪ ዋነኛ ችግር ቀረጥ ሳይሆን በባንክ የሚጠብቀው ወረፋ ነበር። የኢትዮጵያ ልማት ባንክ ከዓለም ባንክ በተገኘ ገንዘብ ለዚህ ሥራ የተለየ የብድርና የምንዛሪ መስመር ከፍቶ ማስተናገዱ ብዙዎችን ከወረፋው አውጥቷል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪው ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ ወዲህ ደግሞ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ለአስመጪው ምንዛሪው ቀለለ፤ ለሰሃላ ገበሬ ግን የመብራቱ ዋጋ በብር እጥፍ ሆነ። የገበሬው ፍየል በዚያው ፍጥነት ዋጋዋ ካልጨመረ ባለሱቁ የሚሸጥለት አያገኝም። በእጅ በእጅ የመሸጥ ዘመን አብቅቶ በብድርና በቁጠባ ማኅበር በኩል በየወሩ እየተከፈለ መሸጥ ግድ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው፤ ይህም እንደገና የአካባቢው አስተዳደር ድርሻ ወደሆነው ይመልሰናል።

ከሰቆጣ በላይና ከሰቆጣ በታች

የዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር የራሱ ምክር ቤት አለው፤ ከሥሩም ወረዳዎች፣ የከተማ ማዘጋጃ ቤቶችና ቀበሌዎች አሉ። ይህ አስተዳደር ግድብ አይሠራም፣ ቀረጥ አያነሣም፣ የኤሌክትሪክ ታሪፍ አይወስንም። በ2006 ዓ.ም. በወጣው የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810 መሠረት ከመረብ ውጪ የሚሸጠውን ኤሌክትሪክ ታሪፍ እንኳ የሚያጸድቀው የኢነርጂ ባለሥልጣን ነው። ታዲያ ምን ቀረለት? በእኛ ግምት ከሚያስበው በላይ ብዙ ነገር አለው።

መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ፣ የበረዶ ቤት፣ የሶላር ወፍጮ ወይም የባትሪ መሙያ ጣቢያ የሚተከልበት ቦታ ያለ ወረዳው ፈቃድ አይገኝም። ኃይል አምራች ሆኖ ለመነሣት የሚያስብ ነጋዴ የገጠር ኤሌክትሪፊኬሽን ፈንድ በ1995 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 317 እንደ ተቋቋመ፣ ለናፍጣ ሥራ ወጪ እስከ 85 በመቶ፣ ለታዳሽ ኃይል እስከ 95 በመቶ እንዲያበድር ሆኖ እንደ ታቀደ ሊያውቅ ይችላል። ነገር ግን የቦታ ማረጋገጫ ያልያዘ ሰው ለየትኛውም አበዳሪ መቅረብ አይችልም። ከአዲስ አበባ የሚመጣው 95 በመቶ በሰሃላ በሚጻፍ አንድ ደብዳቤ ላይ የተንጠለጠለ ነው።

ሁለተኛም አስተዳደሩ ራሱ ታላቅ ገዢ ነው። ትምህርት ቤት አለው፣ ጤና ኬላ አለው፣ የውሃ ጉድጓድ አለው። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. በዚሁ በሰቆጣ ስም የተጠራው የሰቆጣ ቃል ኪዳን በ2022 ዓ.ም. ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት መቀንጨር እንዲያበቃ ዓላማ አድርጎ ሲነሣ፣ ንጹሕ ውሃን፣ ጤናንና እርሻን በአንድነት ይዞ ነው። ውሃ ያለ ፓምፕ፣ ክትባት ያለ ማቀዝቀዣ አይሆንም፤ ሁለቱም በፀሐይ ሊሠሩ ይችላሉ። አስተዳደሩ ይህን ዕቃ በያመቱ በታወቀ ወር በግልጽ ጨረታ ቢገዛና ጥገናውን ለአካባቢው ነጋዴ በውል ቢሰጥ፣ ሰቆጣ ላይ መለዋወጫና የሠለጠነ ሠራተኛ የሚያኖር ሱቅ ሊከፈት ይችላል። ሱቁ አንድ ጊዜ ከተከፈተ ለገበሬውም ይሸጣል። በተለያየ ርዳታ ሰጪ በኩል የተለያየ ስሪት ያለው ዕቃ ከአዲስ አበባ በጭነት መኪና ሲላክ ግን፣ ሲበላሽ የሚጠግነው ሰው በዋግ አይገኝም።

ስለ ነጻ ዕደላ ከባንግላዴሽ የተገኘው ትምህርት ለነጋዴም ለአስተዳዳሪም ይጠቅማል። በዚያ አገር እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ኢድኮል የተባለው የመንግሥት የብድር ድርጅት በአካባቢ ማኅበራት በኩል በየወሩ እየተከፈለ የሚገዛ የቤት ሶላር ሲያሠራጭ፣ ከ4 ሚሊዮን በላይ ቤቶች መብራት አገኙ። ኋላ ግን ሌላው የመንግሥት ክንድ ሶላር በነጻ ማደል ጀመረ፤ የኤሌክትሪክ ሽቦውም ከታሰበው ፈጥኖ ደረሰ። ጎረቤቱ በነጻ ሲያገኝ ያየ ሰው የወር ክፍያውን አቆመ፤ ሻጮቹ ማኅበራት ዕዳ ላይ ወደቁ፤ ሥራውም ተዳክሞ ቆመ። ድርቅ በመታው ወረዳ ለተቸገረ ሰው በነጻ መስጠት ግዴታ ሊሆን ይችላል፤ እኛም አንቃወምም። ነገር ግን ማን በነጻ እንደሚያገኝና ማን እንደሚገዛ አስቀድሞ ካልተለየ፣ ዕደላው ተቀባዩን ለአንድ ዓመት ጠቅሞ ሻጩን ለዘለቄታው ያስወጣዋል።

በክልላችን የታየ መልካም ምሳሌም አለ። በሰሜን ሸዋ ሬማ በተባለች ቀበሌ በ1990ዎቹ ማብቂያ ግድም በአንድ የጀርመን በጎ አድራጎት ድርጅት ርዳታ ከ2,000 በላይ የቤት ሶላሮች ተተክለው ነበር። የሬማ ሥራ ልዩ የሆነው በሰሌዳው ብዛት አይደለም፤ ተጠቃሚው ለጥገና የሚሆን ገንዘብ እንዲያዋጣ መደረጉና በዚያው የገጠር ከተማ የሶላር ጠጋኞች ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት መከፈቱ ነው። ዋግ ኽምራ ይህን የመሰለ ትምህርት በሰቆጣ በሚገኝ የሙያ ማሠልጠኛ በኩል ቢሰጥ፣ በኽምጣኛም በአማርኛም ለገበሬው ማስረዳት የሚችል ጠጋኝ ያገኛል፤ ይህን ደግሞ ማንም ሚኒስቴር ከሩቅ ሊሠራለት አይችልም።

የጥራት ቁጥጥርም እንዲሁ ነው። ደረጃውን የሚያወጣው የፌዴራሉ መንግሥት ነው፤ በዓለም ገበያም ቬራሶል የሚባለው የምርመራ ማረጋገጫ አስመጪዎች የሚያውቁት ነው። ሐሰተኛው ዕቃ ግን የሚገኘው በጉምሩክ መጋዘን ሳይሆን በገበያ ቀን በመሬት ላይ ተነጥፎ ነው። ስድስት ወር ሳይሞላው የሚጠፋ መብራት የገዛ ገበሬ ነጋዴውን ብቻ ሳይሆን ፀሐይንም መጠርጠር ይጀምራል። የወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት ፈቃድ ሲያድስ ከባለሱቁ አንድ ነገር ቢጠይቅ ይበቃል፤ የሸጠውን ዕቃ ዋስትና በጽሑፍ መስጠቱን።

የተቋረጠው ሽቦ

በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የተጀመረውና ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ በተፈረመው ስምምነት የቆመው ጦርነት ዋግን ክፉኛ ጎድቶታል። የዋግ ከተሞች ለረጅም ጊዜ ያለ ኤሌክትሪክ፣ ያለ ስልክና ያለ ባንክ ቆይተዋል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ የተነሣው ግጭት ደግሞ ለጭነት መኪናም ለሽቦ ጠጋኝም መንገዱን አስቸጋሪ አድርጎታል። በዚህ ሁኔታ ናፍጣ ሲገኝ ውድ ነው፤ ሳይገኝም ይቀራል። በአንድ ረጅም መስመር ጫፍ ላይ ያለ ከተማ መስመሩ በአንድ ቦታ ሲቆረጥ በሙሉ ይጨልማል፤ በየጣሪያው ላይ ያለ ሰሌዳ ግን በአንድ ቦታ አይቆረጥም። ስለዚህ ሽቦ ባለበት ከተማ እንኳ ለሆስፒታሉ፣ ለውሃ ፓምፑና ለባንኩ የሚሆን የፀሐይ ኃይል በተጠባባቂነት ማኖር ትርፍ ወጪ ነው ሊባል አይገባም።

ስለ በረዶው ጥቂት ሒሳብ

ወደ ሐይቁ ዳርቻ እንመለስ። በቆላ ሙቀት አንድ ኪሎ ዓሣ አንድ ኪሎ ያህል በረዶ ይፈልጋል። 30 ዲግሪ የሞቀ አንድ ኪሎ ውሃ በረዶ ለማድረግ፣ የማሽኑ ብክነት ታስቦ፣ አንድ ኪሎዋት ሰዓት የማይሞላ፣ አንድ አሥረኛ ገደማ ብቻ ያስፈልጋል። ስለዚህ በቀን 100 ኪሎ በረዶ ለመሥራት 10 ኪሎዋት ሰዓት ይበቃል ማለት ነው። በአገራችን በአንድ ካሬ ሜትር ላይ በቀን በአማካይ ከ5 እስከ 6 ኪሎዋት ሰዓት የሚሆን የፀሐይ ኃይል ይወርዳል፤ ይህም ሲታሰብ 3 ኪሎዋት ያህል ሰሌዳ ሥራውን ይሠራዋል። የአንድ ትንሽ ቤት ጣሪያ የሚያህል ስፋት ነው። ደግሞም በረዶ ራሱ የኃይል ጎተራ ስለሆነ፣ ቀን በፀሐይ ተሠርቶ ሌሊት በደንብ በተሸፈነ ሣጥን ስለሚቆይ፣ የሥርዓቱ ውዱ ክፍል የሆነው ባትሪ በጣም ይቀንሳል።

ለትንሹ ባለሱቅ የሚሆነውም ሒሳብ ከዚህ አይርቅም። 100 ዋት የሆነ አንድ ሰሌዳ በመልካም ቀን ብክነቱ ተቀንሶ ከ350 እስከ 400 ዋት ሰዓት ይሰጣል። ባለ 5 ዋት አምስት አምፑሎች ለስድስት ሰዓት ሲበሩ 150 ይወስዳሉ፤ በቀረው ከአሥር የማያንሱ የእጅ ስልኮች በክፍያ ይሞላሉ። በገጠር ስልክ መሙላት ራሱ ንግድ መሆኑን ለአንባቢ ማስረዳት አያሻም። ወፍጮ ግን ሌላ ነው፤ ሞተሩ ከ10 ኪሎዋት በላይ ስለሚጠይቅ ብዙ ሰሌዳና ብዙ ካፒታል ይፈልጋል፤ ለአንድ ባለወፍጮ ብቻውን ከባድ ስለሆነ በማኅበር ወይም ከወረዳው የውሃ ፓምፕ ጋር ኃይሉን ተካፍሎ ቢሆን ይቀላል።

ለበረዶው ቤት የሚያስፈልገውን ከየወገኑ ብንለይ እንዲህ ይሆናል። ማቀዝቀዣውና ሰሌዳው ከመለዋወጫው ጋር በአንድ የቀረጥ መደብ እንዲገቡ ማድረግ የፌዴራሉ መንግሥት ነው። ብድሩ የልማት ባንኩና የቁጠባ ማኅበሩ ነው። ከሐይቁ ዳር ውሃው ሲሞላ የማይደርስበት፣ ሲጎድልም የማይርቅ ቦታ ለይቶ በሊዝ ወይም በኪራይ መስጠት፣ እስከዚያም የጭነት መኪና የሚያስገባ መንገድ መጥረግ የሰሃላ ወረዳ ነው። ዓሣውን በቁርጥ ዋጋ ለመግዛት አስቀድሞ ውል መፈራረም ደግሞ የሰቆጣ፣ የወልድያና የባሕር ዳር ነጋዴ ነው። ባንኩ በመጀመሪያ የሚጠይቀው ይህን የመጨረሻውን ወረቀት ስለሆነ፣ በዋግ ያሉ አባሎቻችን ወረዳው ቦታውን እስኪሰጥ ሳይጠብቁ የግዢ ውሉን ከዓሣ አስጋሪ ማኅበራቱ ጋር ቢጀምሩት ይሻላል፤ ውሉም የዓሣውን ዓይነት፣ በሳምንት የሚረከቡትን ኪሎ፣ የርክክቡን ቦታና በጾም ወራት የሚጨምረውን መጠን ለይቶ የሚያሳይ ይሁን።